ኮከብ ያለበት በር፦ ደሴን በብስክሌት ስዞር የተሳሳትኩት

አንዲት እናት ቤቴ ድረስ መጥተው «ልጄ፣ ምን በድዬህ ነው?» አሉኝ። ግራ እጄ በጀሶ ታስሮ ተኝቼ ነበር፤ ብድግ ብዬ እንኳ አልተቀበልኳቸውም። ይህን የምጽፈው በዚያ ጥያቄ ምክንያት ነው። አሮጌ ሰፈር እየዞሩ ታሪክ የሚለቅሙ ልጆች በየከተማው በዝተዋል፤ ደስ ይለኛል። ከእነሱ መካከል የቤተ እስራኤልን፣ የኢትዮጵያ አይሁዶችን፣ ዱካ የሚፈልግ ካለ እኔ የወደቅኩበት እንዳይወድቅ ቀድሜ ላሳየው። የወደቅኩት ደግሞ በምሳሌ ብቻ አይደለም፣ አስፋልት ላይም ነው።

ነገሩ የጀመረው በስልክ ነው። እስራኤል አገር የሚኖር ወዳጅ አለኝ። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሊገባ ቀናት ሲቀሩት በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን በ36 ሰዓት ውስጥ በአውሮፕላን ሲወሰዱ፣ እሱ የአምስት ዓመት ልጅ ነበር። ካደገ በኋላ አገሩን ለማየት መጥቶ ወደ ላሊበላ ሲያልፍ ደሴ አደረ፤ የተዋወቅነው ያኔ ነው። አማርኛው የአያቱ አማርኛ ነው። እኛ የተውናቸውን ቃላት እሱ በኪሱ ይዞ ይዞራል።

አንድ ማታ እንዲህ ሲል ድምፅ ላከልኝ፦ «ወንድ አያቴ ጣሊያን እንደወጣ ከጎንደር ደሴ ሄዶ ሁለት ክረምት በቀጥቃጭነት ሠርቷል። ሴት አያቴ ስታወራ ከመስጊዱ በታች፣ ኮከብ ያለበት በር ትላለች። እስቲ ፈልግልኝ።»

እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ። «መስጊድ» እና «ኮከብ» ሲለኝ ሁለት እኩልታ ያገኘሁ መሰለኝ፤ መስመሮቹ የሚቋረጡበትን ነጥብ ብቻ መፈለግ ነው አልኩ። የመጀመሪያው ስህተቴ ይቺ ነበረች፤ የገባችኝ ግን ወራት ቆይታ ነው።

በእግር ሞክሬ አንድ እሑድ ሙሉ ሁለት ሰፈር አልጨረስኩም። በባጃጅ ደግሞ የሚታየው የሹፌሩ ማጅራት ብቻ ነው። ስለዚህ ኮምቦልቻ ወርጄ ያገለገለ፣ ማርሽ ያለው ሳይክል ገዛሁ። ኮምቦልቻ ሜዳ ስለሆነች ሳይክል የሚነዳ ሰው አታጣም። ደሴ ግን ጦሳ ተራራ ሥር ተንጠልጥላ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ዳገቱ ላይ ወርዳችሁ ስትገፉ እንዳታፍሩ፤ ሥራው ያለው እዚያው ነው። ሳይክል የሚገፋ ሰው ያሳዝናል መሰለኝ፣ ደጃፉ ላይ የተቀመጠ ሁሉ «አብሽር! ደረስክ!» ይላችኋል። አብሽር ያለ ሰው ደግሞ ከየት እንደመጣችሁ መጠየቁ አይቀርም፣ ከዚያ ወዲያ ቡናው ሩቅ አይደለም። ከሰው ጋር የተዋወቅኩት በሙሉ ዳገት ላይ ነው፤ ቁልቁለት ላይ ማንንም አላገኘሁም።

ጥቂት ተግባራዊ ነገሮች ልናገር። እሑድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ውጡ፤ ጉሙ ካልተነሳ ጠብቁ፣ የደሴ ጉም አንዳንዴ ሳይክላችሁን እንጂ ከፊቱ ያለውን አያሳያችሁም። በክረምት የውስጥ ለውስጥ መንገዱ ጭቃ ነው፣ እርሱት። ሰኞ ገበያ በገበያዋ ቀን በሳይክል አይገባባትም። ካላማዳሪያ ትርፍ ያዙ፤ ጎሚስታ በየቦታው አለ፣ በሳይክላችሁ ልክ ካላማዳሪያ ግን ሁልጊዜ የለውም።

የዞርኩባቸው ሰፈሮች ፒያሳ፣ አራዳ፣ ሙጋድ፣ ሸዋ በር፣ አረብ ገንዳ፣ ሳላይሽና ሰኞ ገበያ ናቸው። ስማቸውን ብቻ እንኳ ብታዳምጡ ታሪክ ይናገራሉ። ሸዋ በር የመንገዱን አቅጣጫ ይነግራል፤ ፒያሳ ጣሊያን የተወው ቃል ነው፤ በአረብ ገንዳ ውስጥ ያለው «ገንዳ» ደግሞ በኦሮምኛ ሰፈር ማለት ነው። ለአረቡ ስም ቀርቶለታል፣ ለጣሊያኑም ቀርቶለታል። ለጎንደሬው ቀጥቃጭ ግን የቀረ ስም የለም። ይህን ያኔ አስተውዬው ቢሆን ኖሮ ብዙ ነገር ይቀርልኝ ነበር።

የንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽ አጠገብ ሳይክሌን አስደግፌ ብዙ ጊዜ ተቀምጫለሁ። ስሙ የመጣው ግብሩ ላይ ድሃውም ጌታውም፣ ማንም ሳይጠየፍ ስለሚበላበት ነው ይባላል። ቤተ እስራኤል ደግሞ በጎረቤቶቻቸው ዘንድ «አትንኩኝ» እየተባሉ የሚጠሩ ሕዝብ ነበሩ። የንጽሕና ሕጋቸው ጥብቅ ነው፤ ከሌላ ሰው ጋር ከተነካኩ ሳይታጠቡ ቤታቸው አይገቡም፣ መንደራቸውን ወንዝ አጠገብ የሚሠሩትም ለዚሁ ነው። የወዳጄ አያት ደሴ መጥቶ ከነበረ አይጠየፍ ውስጥ ቢጋብዙት እንኳ የሚበላ ሰው አልነበረም። ይህንንም ያኔ አላሰብኩትም። እኔ ኮከብ ፍለጋ ላይ ነበርኩ።

በአራተኛው እሑድ አገኘሁት። ከአንድ መስጊድ ዝቅ ብሎ፣ ባለ ሁለት ተካፋች የቆርቆሮ በር፤ አረንጓዴ ቀለሙ ተልጦ ከሥሩ ሰማያዊ፣ ከሰማያዊው ሥር ደግሞ ዝገት ይታያል። አናቱ ላይ ከቀጭን ብረት የተጠማዘዘ ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ አለ፤ አንዱ ጫፉ ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል። ልቤ ዘለለ። በሩ ተዘግቶ ነበር፣ አላንኳኳሁም። ሳይክሌን ግድግዳው ላይ ጥዬ ፎቶ አነሳሁ። ማታ ፌስቡክ ላይ «በደሴ የተገኘ የቤተ እስራኤላዊ ቀጥቃጭ ቤት» ብዬ ለጠፍኩት፤ ሰፈሩንም ጻፍኩ። ለወዳጄ ስልክለት እናቱ እልል አለች።

እስቲ ስለ ኮከቡ ልንገራችሁ፣ ከዚህ ጽሑፍ ሌላው ሁሉ ቢረሳችሁ ይቺን ያዙ። ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ ኢትዮጵያ ውስጥ ለማንም አይመሰክርም። የሰሎሞን ዘር ነን የሚሉት የክርስቲያን ነገሥታት ምልክት ነው፤ እዚህ ደሴ ከተማዋን ስም አወጡላት የሚባሉት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ራሳቸው በ1874 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ያቋቋሙት ኒሻን የሰሎሞን ማኅተም ይባላል፣ ቅርጹም ይኸው ኮከብ ነው። በእስልምናም የነቢ ሱለይማን ኻተም ተብሎ በየበሩና በየዕቃው ይቀረጻል። ብረት የሚያጣምም ሰው ደግሞ ሁለት ሦስት ማዕዘን ገልብጦ ማነባበር ስለሚቀለው ብቻም ሊሠራው ይችላል። ደሴ ውስጥ ከዚያ በኋላ አንገቴን ቀና አድርጌ ስሄድ በቤተ ክርስቲያን መስኮት ላይም፣ በሙስሊም ቤት በረንዳ ላይም አይቼዋለሁ።

ፎቶው ዞረ። በሦስተኛው ቀን አንድ የማላውቀው ሰው ደውሎ «የዚያ ቀጥቃጭ የልጅ ልጅ ኮምቦልቻ አለ፣ ዛሬ ከሰዓት ብትመጣ አገናኝሃለሁ» አለኝ። ማጣራት፣ ስሙን መጠየቅ፣ ቢያንስ ነገ ማለት ነበረብኝ። ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ ሳይክሌ ላይ ወጣሁ።

ከደሴ ኮምቦልቻ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቁልቁለቱ ከ600 ሜትር አያንስም፣ ዋናው ሐረጎ የሚባለው ጠመዝማዛ ቁልቁለት ላይ ነው። የፍሬኔ ጎማ አልቆ እንደነበር አውቃለሁ፤ «እሑድ እቀይረዋለሁ» ብዬ ያቆየሁት ነው። ጥምዝምዙ ላይ ፍሬኑን ሳልለቅ ይዤ ወረድኩ። መጀመሪያ ጮኸ፣ ከዚያ የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ፣ ከዚያ መጨበጡ እንጂ መያዙ ቀረ። ቸርኬው ግሎ የፊት ካላማዳሪያውን አፈነዳው። ጠጠር ላይ በግራ እጄ ነው ያረፍኩት። ከኋላዬ ሽንኩርት የጫነ ኢሱዙ ይመጣ ነበር፤ ሾፌሩ መኪናውን አቁሞ ሳይክሌን ከሽንኩርቱ ላይ፣ እኔን ከጋቢናው አስገብቶ ወሰደኝ። «ታሪክ ፍለጋ ነው የምሄደው» ስለው ቀና ብሎ አይቶኝ «ልትሆን ነበር» አለኝ።

ሐረጎን በሳይክል የምትወርዱ ከሆነ የፍሬን ጎማውን ከመነሳታችሁ በፊት ቀይሩ። ፍሬኑን አጥብቃችሁ ለሰከንዶች ይዛችሁ ልቀቁ እንጂ ጭብጥ አድርጋችሁ አትውረዱ፤ የፊቱንና የኋላውን አብራችሁ ተጠቀሙ። ሰፊ ቦታ ስታገኙ ቁሙና ቸርኬው ላይ ምራቅ ጣል አድርጉበት፤ ከተንጫጫ ተቀምጣችሁ አየር ውሰዱ። ሄልሜት አድርጉ። የከባድ መኪና መንገድ ስለሆነ ሲመሽ አትሞክሩት። ወደ ላይ ስትመለሱ ደግሞ ሳይክሉን መኪና ላይ ጫኑት፣ ጀግንነት የለበትም። ኮምቦልቻ አገናኝሃለሁ ያለኝ ሰውዬ፣ በኋላ ስደውልለት፣ ስለ ቤት ሽያጭ ነበር የሚያወራው። ደላላ ነው።

እኚያ እናት የመጡት እጄ በጀሶ ሳለ ነው። ሙስሊም ናቸው፣ ስድሳ ያለፋቸው፤ ሻሻቸውን እያስተካከሉ ከበሩ አላለፉም። ቤቱ አባታቸው የሠሩት ነው። ፎቶው ከወጣ ወዲህ ሁለት ሰው መጥቶ ቤቱ ለፈረሳ ተለክቶ እንደሆነ ጠይቋቸዋል፤ ይሄስ ቀላል ነው አሉኝ። «የጎረቤቴ ሕፃን እኔ ጋ ነበር የሚውል። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ እናቱ አላመጣችውም። ‹የቀጥቃጭ ቤት ነው አሉ፣ ዓይን አላቸው› ብላለች አሉኝ። ሃምሳ ዓመት አብረን ቡና ጠጥተን። ልጄ፣ ምን በድዬህ ነው?»

ቡዳ የሚለውን ቃል አልተናገሩም። እኔ ግን ሰማሁት።

ይህ የሩቅ ታሪክ ይመስለን ይሆናል፤ አይደለም። ቤተ እስራኤል ብረት ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ የሆኑት ርስት ስላልነበራቸው ነው። በትውፊት እንደሚነገረው በዐፄ ይስሐቅ ዘመን የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይውረስ፣ ያልተጠመቀ ፈላሲ ይሁን ተብሎ ታወጀ፤ «ፈላሻ» የሚባለውም ከዚያ ነው ይላሉ። ስለዚህ ያንን ስም አትጠቀሙ፣ ራሳቸውን ቤተ እስራኤል ነው የሚሉት። መሬት የሌለው ሰው ከእሳት ጋር ሲውል፣ እሳት የሚገዛ ሰው ማታ ጅብ ይሆናል ተብሎ ተፈራ። ማረሻውን ከእሱ ገዝቶ እህሉን ከእሱ ዓይን የሚደብቅ ገበሬ ነበረ። እና እኔ፣ በሠላሳ ልጆች ፊት ቆሜ የማስተምር ሰው፣ ያንን ስም አንስቼ በሰው በር ላይ ሰቀልኩት።

ጽሑፉን በዚያኑ ቀን ከፌስቡክ አጠፋሁ። ማጥፋት ግን የሄደውን አይመልስም፤ ሰው ስልክ ላይ ቀርቷል።

ጀሶው እስኪፈታ አልጋ ላይ ሆኜ ቀድሜ ማንበብ የነበረብኝን አነበብኩ። አንዱ ነገር ላይ ስደርስ ሳቄም ኀዘኔም አንድ ላይ መጣ። ቤተ እስራኤል የጸሎት ቤታቸውን መስጊድ ነው የሚሉት። ሰገደ ከሚለው ነው፤ በዓላቸውም ስግድ ይባላል፣ እስራኤል አገር ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ በሕግ የታወቀ በዓል ሆኗል። ደሴ ተወልዶ ያደገ ሰው መስጊድ ሲባል አዛን ነው የሚሰማው። ጎንደር አጠገብ ባለችው ወለቃ የተወለደች፣ እንደ ወዳጄ ሴት አያት ያለች አሮጊት ግን ቄሶቹ ኦሪት የሚያነቡበትን ቤት ማለቷ ሊሆን ይችላል። እኔ አራት እሑድ ሙሉ ሚናሬት እያየሁ ነበር ሳይክል የምገፋው።

እጄ ሲድን መጀመሪያ የሄድኩት ሳይክሉን ለማሠራት ነው። የኋላ መጫኛው ተጣሞ ነበር። ሰኞ ገበያ አካባቢ አንድ ሽማግሌ ቀጥቃጭ አሉ ተባልኩ። ወናፋቸው የቆዳ አይደለም፤ አንድ ልጅ የድሮ ሳይክል ጎማ በእጁ ያሽከረክራል፣ ጎማው በቀበቶ ትንሽ ማራገቢያ ያዞራል፣ ማራገቢያው ከሰሉን ይነፋል። ጎማው ላይ ያለው ቸርኬ ከእኔ ሳይክል ጋር አንድ ዓይነት ነው። ቆሜ ሳይ ቆየሁ።

«ጋሼ፣ ይሄ ይቃናል?» አልኳቸው።

«ብረት መቃናት አያቅተውም። የተሰበረ ነው የሚያስቸግር» ብለው እጄን አዩት።

ከሰሉ ውስጥ ከተው፣ በጉጠት አውጥተው፣ መስፉ ላይ አስቀምጠው በሦስት ምት አቃኑት። ያኔ ጠየቅኩ። «ጋሼ፣ ድሮ እዚህ ገበያ ቤተ እስራኤል የሆነ ቀጥቃጭ ነበር ሲባል ሰምተዋል?»

መዶሻው አልቆመም። «የበሩን ፎቶ ያወጣኸው አንተ ነህ?»

«አዎ።»

«እኔ አምስት ወቅት የምሰግድ ሰው ነኝ። አባቴም እንዲያው። ስንቴ ቡዳ እንደተባልኩ ታውቃለህ? ሰርግ ቤት ገብቼ ሙሽራዋን በሻሽ ሲሸፍኑብኝ አይቻለሁ።» ብረቱን ውሃ ውስጥ ነከሩት፣ ጭሱ በመካከላችን ወጣ። «እንግዲህ የምትለው ሰውዬ መጥቶ ቢሆን ‹እኔ እንዲህ ነኝ› እያለ የሚያወራ ይመስልሃል?»

መልስ አልነበረኝም። ሒሳቤን ከፍዬ ሳይክሌን ሳዞር ከኋላዬ ጠሩኝ። አባታቸው ስለ አንድ የጎንደር ሰው ያወሩ ነበር። ጎበዝ ማጭድ ሠሪ። ከሰው ቤት አይበላም፤ ምግብ ቢያቀርቡለት አመስግኖ ይተወዋል። ከአቁማዳው ቆሎ ይዘግናል፣ ውሃ የሚጠጣው በራሱ ቅል ነው። ቅዳሜ ከሰል አይለኩስም። «ምን ይሁን ምን እንጃ» አሉ። «አባቴ ጠይቆት አያውቅም። እኛ እንደዚያ አንጠያየቅም።»

ይህን ስሰማ የድሮው እኔ ቢሆን ኖሮ ማታውን ፌስቡክ ላይ ነበርኩ። ግን ቅዳሜ እሳት አለመለኮስ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ ኦርቶዶክሱም በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ከተወሰነ ወዲህ ቀዳሚት ሰንበትን ያከብራል። «አንጠያየቅም» ያሉት ነገር ግን አብሮኝ ዋለ። በቀጣዩ እሑድ ደሴ አቅራቢያ ወዳለው ቦሩ ሜዳ ነዳሁ። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ጉባኤ ጠርተው አንድ ሃይማኖት ብቻ ይሁን ያሉት እዚያ ነው፤ መሐመድ ዓሊ ሚካኤል (የአይጠየፉ ንጉሥ ሚካኤል) የሆነው፣ ብዙ የወሎ ሰው ቀን ክርስቲያን ማታ ሙስሊም ሆኖ የኖረው ከዚያ ወዲህ ነው። ሃይማኖትህ ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ በአዋጅ የመጣበት አገር አለመጠያየቅን ጨዋነት ቢያደርገው አይገርምም። በዚህ ላይ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማዋ ውስጥ ገብቶ ከወጣ ወዲህ ቤት ፎቶ የሚያነሳ እንግዳ ሁለት ጊዜ ነው የሚጠረጠረው። ይህን ሁሉ ሳላውቅ ካሜራ ይዤ ነበር የገባሁት።

ከዚያ እኚያ እናት ቤት ሄድኩ። አንድ ኪሎ ቡናና ስኳር ይዣለሁ፤ አብራኝ የመጣችው እናቴ ናት፣ ብቻዬን አልደፈርኩም። የሕፃኑን እናትም አስጠሩልኝ ብዬ በእሷ ፊት «የጻፍኩት ውሸት ነው፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩ» አልኩ። «ቀጥቃጭ ቢሆኑስ ምን ነበረበት» ማለት አማረኝ፤ ትክክልም ነው። ግን ይቅርታ የመጣሁበት ቤት ውስጥ ሆኜ ሰው ማስተማር አልቻልኩም። ልጅቷ አንገቷን አቀርቅራ ሰማች። ሕፃኑ ጀርባዋ ላይ ተኝቷል።

«አወል ጀባ» ተባለልኝ። ሁለተኛው ሲኒ ላይ «እትዬ፣ ኮከቡን ማን ሠራው?» አልኳቸው። ሳቁ። «መጀመሪያ ይሄን ብትጠይቅ ምን ነበር? አባቴ የነቢ ሱለይማን ኻተም ነው፣ ቤት ይጠብቃል ብሎ አሠራው። ጫፉን የሰበርኩት እኔ ነኝ፣ ልጅ ሆኜ ተንጠልጥዬበት።»

አሁንም እዞራለሁ፤ አዟዟሬ ግን ተለውጧል። በር አንኳኳለሁ። በር ካልተከፈተልኝ ፎቶ የለም፣ ቢከፈትልኝም በመጀመሪያው ቀን የለም። ሃይማኖት አልጠይቅም፤ «ይሄን በር ማን ሠራው? ጣራውን ማን መታው? ገበያው ድሮ የት ነበር?» እላለሁ። ሰው ስለ ዕቃ ሲያወራ ስለ ሰው ያወራል። የሰማሁትን ሁለተኛ ሰው ሳይነግረኝ አልጽፍም፣ ሰፈርና ቤት የሚያስታውቅ ነገርማ ጭራሽ አልጽፍም። ደብተሬ ላይ ሦስት ዓምድ አለ፦ ያየሁት፣ የነገሩኝ፣ የገመትኩት። በመጀመሪያው ወር ሦስቱም አንድ ነበሩ።

ደግሞም ምንጩን ጠይቁ። እኔ ወሬውን ከልጅ ልጅ ሰምቼ ከተማ አሰስኩ እንጂ አሮጊቷን አንድ ቀን አላናገርኳቸውም ነበር። በመጨረሻ ወዳጄ ስልኩን ሰጣቸው።

«እማማ፣ ደሴ ያለው ቤት ምን ይመስል ነበር?»

«እኔ በምን አውቄ! ደሴን በዓይኔ አላየሁ» አሉ። «የሄደ እሱ።»

«ከመስጊዱ በታች፣ ኮከብ ያለበት…?»

«እሱማ ወለቃ ነው፣ የኛ መስጊድ። ኮከቡ ጣራው ላይ። ይሄ ልጅ ሁሉን አደባልቆ ነው የነገረህ።» ወዳጄ ከጎን «እማ!» ሲል ይሰማኛል። አራት እሑድ፣ አንድ ክንድ፣ የአንዲት እናት ቡና። ሁሉም ወለቃ ላለ ጣራ።

ከዚያ ምንም ሳልመራቸው ዝም ብዬ «ስለ ደሴ ምን ይሉዎት ነበር?» አልኳቸው። ብርዱን አሉ። ጉሙን አሉ፤ ጠዋት መዶሻዬን አስቀምጬ መልሼ አላገኘውም ይል ነበር አሉ። ምን እየበሉ ከረሙ ስላቸው ደነገጡ። «የሰው እህል እንዴት ይብላ! ቆሎ ቆልቼ በአቁማዳ ሞልቼ ሰጠሁት። ሲያልቅበት ራሱ ይቆላ ነበር እንግዲህ። ወንድ ልጅ ብረት ምጣድ ይዞ ሲቆላ አስበው እስቲ!» ብለው ሳቁ፣ ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠ፣ ስልኩን ወዳጄ ተቀበለ።

የቀጥቃጩን ወሬ ነገርኩት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። «እሱ ነው ማለት ነው?» አለኝ።

«ቆሎ የማይዝ መንገደኛ የለም» አልኩት።

ደብተሬን አውጥቼ «የነገሩኝ» ከሚለው ዓምድ ሥር ቀኑን ጻፍኩና «ቆሎ፣ አቁማዳ፦ ሁለት ሰው፣ የማይተዋወቁ» አልኩ። «የገመትኩት» የሚለውን ባዶ ተውኩት።